የጋሽ ሰብስቤ የሙሽራ ጫማ

«በአዳማ ከተማ ይሄን አበባ የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው» አለች ሶሲ፣ በድንኳኑ ካስማና በአፈሩ መሃል እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች። «አንደኛውን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትቀብሩት ነው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ ካስማው እዚህ አይተከልም።»

የእድሩ የድንኳን ኃላፊ ኦቦ ወዬሳ መዶሻቸውን ዝቅ አደረጉ። በዕድሜያቸው ብዙ ድንኳን ተክለዋል። ዝናብ ላይ ተክለዋል፣ አስፋልት ላይ ተክለዋል፣ አንዴ እንዲያውም በአንድ ቀን ሐዘን ለገባባቸው ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሸራ ተክለዋል። ካስማ ፊት የምትቆም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን ገጥማቸው አታውቅም።

«የቱ አበባ?» አሉ አጎንብሰው እያዩ።

ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። በአጥሩ ጥግ፣ በብሎኬት ቁራጭ በታጠረችው የጠረጴዛ ያህል ቦታ ላይ ያለው አፈር ብቻ ነው። ቅጠል የለም፣ ግንድ የለም፣ የካቲት ላይ እንኳ የማይጠፋው አረም የለም።

«ተኝቷል» አለች ሶሲ።

ኦቦ ወዬሳ አፈሩን አዩ። ቀጥለው አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል አዩ። ቀጥለው ልጅቷን አዩ። «እሺ ኢንተሎ፣ እሺ አንቺ ልጅ» ብለው ካስማውን ወዲህ አምጥተው መቱት። ገመዱ አጠረ፤ ድንኳኑ ተንጋደደ።

ያ ድንኳን እስከሚነሳ ድረስ እንደተንጋደደ ቀረ። በአጥሩ በኩል ያለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ሸራው ራሱን እንዳይነካው አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ነው የሚያለቅሰው። ከበር ለሚገባ ሰው በዚያ በኩል ያሉት ከሁሉም በላይ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ሰው ሞተ ብሎ አያርፍም። ሸራውን እያነሳ ያላትመዋል፣ አቧራውን አምጥቶ ንፍሮው ላይ ይነሰንሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲይዙ ወንዶቹ ኮፍያቸውን ያሳድዳሉ።

ሟቹ ጋሽ ሰብስቤ የሶሲ እናት የሸዋወርቅ ታላቅ ወንድም ነበር። ሶሲ ጋሼ ነው የምትለው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ፣ ሳያገባ፣ ጡረታ የወጣ ቀን አንድ ሻንጣና አንድ የተቆረጠ ጀሪካን ይዞ እህቱ ግቢ ያለው ሰርቪስ ቤት ገባ። ሻንጣው ውስጥ ልብስ ነበር፤ ጀሪካኑ ውስጥ አፈር። የሶሲ አባት የሞተው እሷ አፏን ሳትፈታ ስለሆነ፣ በግቢው ውስጥ «ተነሺ፣ ትምህርት ረፈደ» የሚል የወንድ ድምፅ ያለ እሱ አታውቅም።

ከቀብር መልስ አፈሩ አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ አበሳጫት። ወንበር እየጎተቱ ይመጣሉ፤ «ይቅርታ፣ እዚያ አይደለም» ትላለች። አንዱ የጋሼ የድሮ ባልደረባ ሲጋራውን አፈሩ ላይ ሊተረኩስ ሲል እጁን ያዘችው። ከሞጆ የመጡ አንዲት ዘመድ እግራቸውን ብሎኬቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ፣ «እማማ፣ ተኝቶ ነው፣ አይረብሹት» አለቻቸው። ሴትዮዋ አማተቡና ሌላ ቦታ ፈለጉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅቷ ማውራት ተጀመረ።

ለቅሶ ቤት ሹክሹክታ የሚባለው ነገር ከንግግር በላይ ይሰማል። አሳድጓት እኮ ነው ይላሉ። አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም ይላሉ። የዘንድሮ ልጅ የሚያለቅሰው የስልኩ መስታወት ሲሰነጠቅ ነው ይላሉ፤ የሞጆዋ ዘመድ ደግሞ ሐዘኑ ወደ ራስ ወጥቶ እንደሆነ፣ ጠበል ቢሞከር ምን ይጎዳል ይላሉ። ሶሲ ሁሉንም ሰማች። ማልቀስ ቀላል ነው አለች በልቧ። ሁሉም እያደረገው ነው። አፈር የሚጠብቅ ግን ማን አለ?

እናቷ ሸዋወርቅ ግን ምንም አላለቻትም። ፍራሽ ላይ በሴቶች ተከብባ ተቀምጣ፣ አንዴ ብቻ በተከፈተው በር በኩል ወደ ተንጋደደው ድንኳንና ወደ በርጩማው አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ፊቷን መለሰች። ሶሲ ይህን እንደ ተቃውሞ ቆጠረችው። እማ ስለ አበባው ምን ታውቃለች? ጋሼ አፈር በጆንያ ባመጣ ቁጥር «ደሞ ጀመረህ» የምትል ሴት ናት።

አበባውን ያገኘው ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ነው። ታሪኩን ሶሲ በቃሏ ታውቀዋለች። ከአርሲ ነገሌ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ላይ መኪናው ተበላሸበት። ረዳቱ ጫምሳ ዕቃ ሊገዛ ወደ ከተማ ወረደ፤ ጋሼ ከጋቢናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ መንገድ የሚያሰፋ ግሬደር ዳሩን እየላጨ መጣ። ሣሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ ያገኘውን ሁሉ እየጠቀለለ ይመጣል። ከፊቱ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ቆሟል። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች ቢጫ አበባ ነው፤ እያንዳንዷ አበባ ከሥሯ አንዲት ጎድጎድ ያለች ከንፈር አላት፣ ልክ ሰው አውልቆ የተዋት የሕፃን ጫማ።

ጋሼ ተነስቶ ግሬደሩ ፊት ቆመ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ክላክስ ሲያደርግ የኖረ ሰው ግን ክላክስ አይፈራም። ጎማ በሚፈታበት ብረት ቆፍሮ እስኪያወጣው ድረስ የመንገድ ሥራው ቆመ።

ያወጣውን ገደለው። በደግነት ነው የገደለው። ፍግ አለበሰው፣ እንደ ቲማቲም ጠዋትና ማታ አጠጣው፣ ሥሩ በሰበሰ። ተመልሶ ሄደና ግሬደሩ ከጠቀለለው ክምር ውስጥ ሌላ ሥር ፈልጎ አመጣ። እሱን ደግሞ ጥቁር ጣሳ ውስጥ ተክሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ የአዳማ ፀሐይ ቀቀለው። በመጨረሻ ቁጭ ብሎ አሰበ። ይህ ነገር ብቻውን አልነበረም፤ በአፈሩ ውስጥ አብሮት የሚኖር የማይታይ ነገር አለ፤ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ዘመዱን ካላስከተለ አይለምድም፣ ይሄም እንደዚያው ነው አለ። ሦስተኛ ሥር ከነአፈሩ በጀሪካን አመጣ፤ ከዚያ በኋላ ጫምሳ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ከዚያው ዳር አንድ ጆንያ አፈር ያመጣለት ጀመር። ውሃ እንዳይቋጥር ከብሎኬት አምራቾቹ ግቢ ፑሚስ የሚባለውን ቀላል ድንጋይ ለምኖ ቀላቀለበት። ከግራር ሥር የበሰበሰ ቅጠል ጨመረ። ያኔ አበባው ለመደ።

ለመደ ማለት ቅጠል አወጣ ማለት ነው። ለዓመታት ቅጠል ብቻ። ክረምቱ ሲያልፍ ቅጠሉን ይጥልና ከአፈር በታች ይተኛል፤ የበልግ ዝናብ እስኪመታው አይነሳም። ሶሲ ስልኳን ከፍታ ኦርኪድ የሚባል መሆኑን፣ ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ መሆኑን፣ ለማበብ ብዙ ዓመት እንደሚፈልግ አነበበችለት።

«ስልክሽ መንገድ ላይ አድሮ ያውቃል?» አላት ጋሼ።

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ከእኔ ይማር። በበጋ ይሄን ማጠጣት የተኛ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ መገልበጥ ነው። ጣሳሽን ከዚህ አርቂ።»

ሶሲ ጣሳዋን አራቀች። እሱ እያየ እስካለ ድረስ ማለት ነው።

ባለፈው ግንቦት አበበ። ጋሼ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። ጎረቤታቸው አዴ ሃፍሳ መጥተው ዙሪያውን ካዩ በኋላ ይበላ እንደሆነ ጠየቁ፤ አይበላም ሲባሉ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሸዋወርቅ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ መጣች። ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ተመለሰ።

«ስሙ የሙሽራ ጫማ ነው» አላት ጋሼ።

«ቀልድህ አያልቅም» ብላ ገባች።

ሶሲ በጋሼ ፈንታ ተናደደች። ስንት ዓመት የተጠበቀ አበባ እንዲህ ይባላል? ጋሼ ግን እስኪያስለው ድረስ ይስቅ ነበር። ለምን የሙሽራ ጫማ እንዳለው ስትጠይቀው፣ «ሙሽራ ታውቂያለሽ? ጫማ ታውቂያለሽ? በቃ» አላት። በቃ ካለ በቃ ነው። በማግስቱ ለክፍሏ ልጆች ስሙን ያወጣነው እኔና አጎቴ ነን አለቻቸው።

በሁለተኛው ቀን ጫምሳ ከአርሲ ነገሌ መጣ። ድሮ ረዳት የነበረው ልጅ አሁን ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ የራሱ መኪና ያለው ሰው ሆኗል። ከበር ጀምሮ እየጮኸ አለቀሰ፣ ወደ ሸዋወርቅ ገብቶ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናችሁ» አላት፣ አንገት የሚያዘነብለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ታጠበና እንደ ሹፌር ሁሉ ወሬ ጀመረ። ለቅሶ ቤት በሁለተኛው ቀን ሳቅ ይፈቀዳል። ሶሲ ንፍሮ ይዛ በአጠገቡ ስታልፍ ነው ስለ ጫማው የሰማችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋወርቅ ልታገባ ስትል ወንድሟ የሙሽራ ጫማሽን እኔ ነኝ የማመጣልሽ አላት። ሞጆ፣ መኪኖች የሚያድሩበት ቦታ፣ ከወደብ ከሚመለስ ሹፌር ላይ ነጭ ጫማ ከነካርቶኑ ገዛ። ካርቶኑን አልከፈተውም፤ ክሩ እንዳይበላሽ። በሠርጉ ጠዋት ሚዜዎቹ ሲከፍቱት ሁለቱም ጫማ የግራ እግር ነው። እሑድ ነው፣ ገና አልነጋም፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ሌላ ጫማ ላውስሽ የሚል ሞልቷል። ሸዋወርቅ ግን ወንድሜ ያመጣልኝ ይሄ ነው ብላ ሁለቱንም አደረገች።

«እያነከሰች ገባች» አለ ጫምሳ። «ሙሽራዋ ቀኝ እግሯን ታማለች እንዴ ተብሎ የሙሽራው ወገን ሲንሾካሾክ፣ ሰብስቤ ከውጭ ጋቢና ውስጥ ተደብቆ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔ ነኝ አጽናኙ፣ ጢሜ እንኳ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ያምጣላት፣ ከሰል ያምጣላት፣ ምን ብላ ነው የምትቀበለው?»

ሶሲ መልሱን ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ጋሼ ከመኪና ሲወርድ እናቷ ዕቃውን እየተቀበለች «ሁለቱም የግራ ነው?» ትለዋለች። ሶሲ የሹፌሮች ሰላምታ ይመስላት ነበር።

«እና አበባው?» አለች።

«አበባው ምን?»

«ለምን የሙሽራ ጫማ ተባለ?»

ጫምሳ አንገቱን እንዳዘነበለ አያት። «ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚዞሩት። መንገድ ላይ ያየው ዕለት ነው ስሙን ያወጣለት። ለሷ ነው ይዞላት የመጣው። አንቺ ይሄን አታውቂም?»

ሶሲ ንፍሮውን ይዛ ወጣች። ወደ ግራ መዞራቸውን አይታለች። ስንትና ስንት ፎቶ አንስታቸዋለች፣ እሷ ግን ፎቶው ነው የተጣመመው ብላ ስልኳን ታስተካክል ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ለአፈሩ ተቆጣች። ለአፈሩ መቆጣት ቀላል ነው፤ አይመልስም። ቢሆንስ? ለማንም ይምጣ፣ ማን ነው የጠበቀው? ጋሼ አልጋ ላይ ከወደቀ ጀምሮ ማን ነው እዚህ የነበረው? ቃል የገባችው እኮ እሷ ናት።

ገና ካለፈ በኋላ ጋሼ መነሳት አልቻለም ነበር። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ሐኪም ቤት መለሰው። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ወደ አጥሩ ነው። ሶሲ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ አፈሩ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። መተኛቱን ታውቃለች። ግን የተኛም ሰው ይጠማዋል። ደግሞም የዘንድሮ በጋ ከባድ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ታሟል፣ አንድ ነገር መደረግ አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት ቀና ስትል በመስኮቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ጣሳዋን ከኋላዋ ደበቀች። ቁጣውን ጠበቀች፤ ሲቆጣ ድምፁ ከመኪናው ክላክስ አይተናነስም። ጋሼ ግን ክንዱን በጭንቅ አንስቶ፣ አውራ ጣቱን አቆመላትና «ጎበዝ» አላት። ከመስታወቱ ጀርባ ድምፁ አልተሰማም፤ ከንፈሩን ነው ያነበበችው። ሶሲ የዚያን ቀን ትምህርት ቤት የሄደችው እየዘለለች ነው። በመጨረሻ ልክ መሆኗ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ አንዷ ጣሳ ሁለት ሆነች።

ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበረች። «እስከ ዝናቡ አደርሰዋለሁ» አለችው፣ ምኑን እንደሆነ ሳትናገር። «አንቺማ ታደርሻለሽ» አላት፤ ይህን ሲል ግን ያየው እሷን ሳይሆን፣ በር ላይ ፎጣ ይዛ የቆመችውን እናቷን ነበር።

በሰልስቱ ቀን አዴ ሃፍሳ ጥፋት ሠሩ። ጋሽ ሰብስቤ ከሞተ ጀምሮ ድስት ሲጥዱና ሲያጥቡ የከረሙ ሴት ናቸው፤ የሸዋወርቅን ቤት ጓዳ ከራሳቸው ጓዳ ለይተው አያውቁም። ንፍሮው ሲወጣ የተቀቀለበትን ውሃ በትልቅ ሳፋ ይዘው ወጡ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ መድፊያ ሲፈልጉ አንድ ጥግ ላይ የደረቀ አፈር አዩ። ሶሲ በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው ከበርጩማው ተነስታ ስልኳን ልትሰካ የገባችው።

ስትመለስ ከአፈሩ እንፋሎት ይወጣል።

ጮኸች። ጋሽ ሰብስቤ ከሞተ ጀምሮ ከዚያች ልጅ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ጩኸት ነበርና ድንኳኑ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። «ተመስገን፣ ወጣላት» አሉ የሞጆዋ ዘመድ።

«ምን አደረጉ አዴ ሃፍሳ? ምን አደረጉ?»

«ደርቆ አሳዘነኝ ልጄ» አሉ ሳፋውን እንደያዙ። «የንፍሮ ውሃ እኮ ለአትክልት ጥሩ ነው።»

«የፈላ እኮ ነው! ቀቀሉት እኮ!»

ሴትዮዋ ፊታቸው ጠቆረ። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ በአጥሩ በር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሶሲ አላየቻቸውም። ተንበርክካ በእጇ እየቆፈረች ነው። አፈሩ ያቃጥላል። ሥሩን ታውቀዋለች፤ እርስ በርስ የተያያዘ የዝንጅብል ጉንጉን ይመስላል፣ ከላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው የሚቀበረው። አንድ ጣት ቆፈረች። አንድ ክንድ ቆፈረች። ፑሚስ አገኘች፣ የበሰበሰ የግራር ቅጠል አገኘች፣ ጋሼ ከሥር የደረደረው የብሎኬት ስባሪ ጥፍሯን ሰበረው። ሥር የለም። የበሰበሰ ሥር እንኳ የለም።

እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ወንዶቹ ንፍሮ በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

«ማነው የወሰደው?» አለች።

ነፋሱ ሸራውን አንዴ አነሳና ለቀቀው። ዓይኗ ጫምሳ ላይ አረፈ።

«አንተ ነህ» አለችው። «ከየት እንደመጣ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። በጆንያ አፈር ስታመጣ የኖርከው አንተ ነህ። ትናንት መጣህ፣ ዛሬ የለም።»

ጫምሳ ንፍሮውን በጥንቃቄ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ተነሳ፤ ሸራው ራሱን ነካው። የኮቱን አንድ ኪስ ገልብጦ አሳያት፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከአንዱ ኪስ አንድ መሀረብ ወጣ፤ ገና እርጥብ ነው። መሀረቡን አጥፎ መለሰና ተቀመጠ።

«ኢንተሎ» አሉ ኦቦ ወዬሳ በቀስታ፣ «ድንኳኔን ስታጣምሚ ዝም አልኩሽ። በለቅሶ ቤት ግን ሌባ አይጠራም።»

ሶሲ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አንድ እጅ ከኋላ ክንዷን ያዛት። እናቷ ናት። ከፍራሹ መቼ እንደተነሳች ያየ የለም። ጫምሳን በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀች፣ ልጅቷን እየጎተተች በተቀመጡት ሴቶች መሃል አሳልፋ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

ሶሲ ጥፊ ነበር የጠበቀችው። ሸዋወርቅ ግን ተንበርክካ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተች። ካርቶኑ ያረጀ ነው፣ ጎኑ በክር ታስሯል። ክሩን ፈታችው። ውስጡ ነጭ የነበረ፣ አሁን የወተት ስልባቦት የመሰለ ጥንድ ጫማ አለ። ጥንድ ይባል እንደሆነ። ሁለቱም የግራ ነው።

በአንደኛው ጫማ ውስጥ፣ በደረቅ ፑሚስ ተቀብሮ፣ የዝንጅብል ጉንጉን የመሰለው ሥር ተኝቷል።

ሶሲ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ራሱ ነው ያወጣው» አለች እናቷ። «ከገና በፊት፣ አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ። እኔን ተደግፎ ነው የቆፈረው። እዚህ አድርጊው አለኝ። ሌላ ዕቃ ሞልቶ፣ እዚህ። ሊሞት ነው፣ አሁንም ይቀልድብኛል።»

«ከገና በፊት?» አለች ሶሲ። «እኔ እኮ… እስካሁን በየቀኑ አጠጣው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሼ አይቶኛል። ጎበዝ ብሎኛል።»

«ምን ይበልሽ? ባዶ አፈር ብታጠጪ ማን ይጎዳል? ‹ተያት፣ ደስ ይላታል› አለኝ። በመስኮት ሲያይሽ ይስቅ ነበር። የመጨረሻ ሳቁ አንቺ ነሽ።»

ሶሲ ካስማውን አሰበች። የተንጋደደውን ድንኳን፣ የተዘነበሉትን አንገቶች፣ በአጥሩ በር የወጡትን አዴ ሃፍሳን፣ እርጥቡን መሀረብ አሰበች። ሁሉም ለባዶ አፈር።

«ስንት ቀን በርጩማ ላይ ስቀመጥ እያየሽኝ ለምን ዝም አልሽ?» አለች፤ ተበዳይዋ እሷ እንድትሆን የመጨረሻ ሙከራ ነበር።

ሸዋወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። «ካስማ ፊት ስትቆሚ እሱን መሰልሽኝ። ያው ግትር፣ ያው አስቸጋሪ። ትንሽ ልየው ብዬ ነው። አሁን አየሁት፣ በቃኝ። ስትወጪ መጀመሪያ አዴ ሃፍሳ ቤት ትሄጃለሽ፣ እግራቸው ላይ ትወድቂያለሽ። ከዚያ ጫምሳ። ከዚያ ኦቦ ወዬሳ።»

«እሺ።»

«ዝናቡ ሲመጣ እንተክለዋለን። አንቺ ትቆፍሪያለሽ። መቆፈርማ ትችያለሽ።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው የእግዜር ነው።»

ሶሲ ወደ ጫማው ጎንበስ አለች። ከሥሩ በአንደኛው ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አለች፤ ገና የሚያነሳት ዝናብ ሳይመጣ፣ በጨለማው ካርቶን ውስጥ፣ ማንም ሳያጠጣት። ጋሼ ይህን ቢያይ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራ ነበር። አዴ ሃፍሳ ይበላ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። እሱ ደግሞ እስኪያስለው ይስቅ ነበር። ከዚያ «ተነሺ፣ ትምህርት ረፈደ» ይል ነበር።

መጀመሪያ የሶሲ ትከሻ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መጣ። ሰው ሁሉ ሲጠብቀው የከረመው ነገር አንድ ላይ መጣ፣ ከአፍንጫዋም ከዓይኗም፤ በአገጯ ወርዶ በጭቃው ክንዷ ላይ ተንጠባጠበ፣ ካርቶኑ ላይ ተንጠባጠበ፣ አንዲት ዘለላ ጫማው ውስጥ ገባችና ደረቁ ፑሚስ ላይ ጠቆረች።

ሸዋወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ፑሚሱን አደራረቀች። ካርቶኑን በሁለት እጇ አንስታ ከልጇ ፊት ወደ ራሷ ሳበችውና ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ወዲያ ዞረሽ አልቅሺ» አለች። «ታበሰብሺዋለሽ።»